የገበሬው ቤት እንዴት የሀብታም ፋሽን ሆነ?

(ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በ1936 የበጋ ወራት ዎከር ኢቫንስ የተባለ ፎቶግራፍ አንሺ በአሜሪካ አላባማ ግዛት፣ ሄል ካውንቲ፣ አንድ የጥጥ ገበሬ ቤት ውስጥ ገብቶ ካሜራውን ተከለ። ያነሣው ፎቶ ዛሬም በየሙዚየሙ ይታያል። ቀለም ያልነካው የሳንቃ ግድግዳ፣ ግድግዳው ላይ የተንጠለጠለ ፎጣ፣ መደርደሪያ ላይ የተቀመጠ የፊት መታጠቢያ ሳፋ፣ በተከፈተው በር ወዲያ ደግሞ ጠረጴዛና የላምባ መብራት። በቃ፤ ሌላ ዕቃ የለም።

ይህን ፎቶ ታሪኩን ለማያውቅ የዛሬ አሜሪካዊ ቢያሳዩት የቤት ማስጌጫ መጽሔት ላይ የወጣ ማስታወቂያ ነው ቢል አይፈረድበትም። እንጨቱ፣ ፎጣው፣ ሳፋው፣ መብራቱ ሁሉ ዛሬ በየሱቁ "ፋርምሃውስ" እየተባለ ይሸጣል። የገበሬ ቤት ማለት ነው። ላለፉት ዐሥር ዓመታት ያህል በአሜሪካ የቤት ውስጥ ማስጌጥ ከነገሡት ፋሽኖች ሁሉ ይህን የሚስተካከል ማግኘት ይከብዳል። ነጭ የሳንቃ ግድግዳ፣ ጥቁር የመስኮት ክፈፍ፣ ፊቱ ወደ ውጭ የወጣ ጥልቅ የዕቃ ማጠቢያ ሲንክ፣ ያልተላገ የሚመስል ረጅም የእንጨት ጠረጴዛ፣ በሐዲድ የሚንሸራተት የጎተራ በር፣ አበባ የተሰካበት የቆርቆሮ ባልዲ። ኢትዮጵያውያን በብዛት በሚኖሩባቸው የቨርጂኒያና የሜሪላንድ ከተማ ዳርቻዎች በአዲስ ከሚገነቡት ቤቶችም ብዙዎቹ ይህንኑ መልክ ይዘዋል። ገዢው የሆስፒታል ሠራተኛም ይሁን የኮምፒውተር ባለሙያ፣ የሚገባው የገበሬ ቤት በሚመስል ቤት ነው፤ ሞፈር ግን ጨብጦ አያውቅም።

አላባማ ወዳለው ቤት እንመለስ። በዚያ ቤት የሚኖረው ሰው መሬቱ የራሱ አልነበረም፤ ቤቱም የራሱ አልነበረም። ኢቫንስና አብሮት የነበረው ጸሐፊ ጄምስ ኤጂ ካገኟቸው ሦስት ቤተሰቦች አንዱ የእኩል አራሽ ነበር። ባለመሬቱ መሬት፣ በቅሎና መሣሪያ ይሰጣል፤ ገበሬው ከነልጆቹ ይለፋል፤ በመኸር የጥጡ ግማሽ ወደ ባለመሬቱ ይሄዳል። ከቀረው ግማሽ ላይ ደግሞ ክረምቱን የበላበት ብድር ከነወለዱ ይቀነሳል። ብዙ ጊዜ በዓመቱ መጨረሻ የሚተርፈው ዕዳ ነው። እንዲህ ያለውን ሰው አማርኛ ጢሰኛ ይለዋል፤ ቃሉ ለኢትዮጵያ አንባቢ ማብራሪያ የሚያሻው አይደለም።

ሁለቱን ሰዎች ወደዚያ የላካቸው ፎርቹን የተባለው የባለሀብቶች መጽሔት ነበር። መጽሔቱ ጽሑፉን ሳያትመው ቀረ። በ1941 በመጽሐፍ መልክ ሲወጣም በመጀመሪያው ዓመት የተሸጠው 600 ቅጂ ገደማ ብቻ ነው። ያን ጊዜ የጢሰኛን ግድግዳ ማየት የሚፈልግ ሰው አልነበረም። በ1930ዎቹ ያልተሸጠው ግድግዳ በ2010ሮቹ እንዴት ገበያ አገኘ? ታሪኩ ረጅም ነው።

የቅርቡን ታሪክ ሁሉም ያውቀዋል። በ2013 ኤችጂቲቪ የተባለው ጣቢያ "ፊክሰር አፐር" የተሰኘውን ዝግጅት በሙከራ መልክ አሳየ፤ በተከታዩ ዓመት መደበኛ ፕሮግራም ሆነ። ባለታሪኮቹ ቺፕ እና ጆአና ጌንስ የተባሉ ባልና ሚስት ናቸው፤ ቦታው ዌኮ፣ ቴክሳስ። ያረጀ ቤት ይገዛል፣ ይፈርሳል፣ ይታደሳል፤ በመጨረሻ ባለቤቶቹ በራቸው ላይ ቆመው ያለቅሳሉ። በዝግጅቱ ደጋግሞ የሚመጣ አንድ ትዕይንት ነበር፦ የድሮው የግድግዳ ወረቀት ሲገፈፍ ከሥሩ ሳንቃ ብቅ ይላል፤ ቤቱ በደስታ ይናወጣል። ሳንቃው "ሺፕላፕ" ይባላል፤ ስሙ ከመርከብ ሥራ የመጣ ነው። ከዚያ ወዲህ ሺፕላፕ በግድግዳው ሥር የሌለው ሰው ከእንጨት መሸጫ አዲስ እየገዛ በጤናማ ግድግዳ ላይ ያስመታ ጀመር።

ነገር ግን ያ ሳንቃ መጀመሪያውኑ እንዲታይ አልተሠራም። በቴክሳስና በደቡብ ግዛቶች የድሮ ቤት አሠራር ርካሽ ሳንቃ በቋሚዎቹ ላይ ይመታል፤ በላዩ ስስ የጥጥ ጨርቅ ይወጠራል፤ በጨርቁ ላይ የግድግዳ ወረቀት ይለጠፋል። ወረቀቱን መግዛት ያልቻለ ጋዜጣ ይለጥፋል። ጋዜጣው በሳንቃዎቹ መካከል የሚገባውን ነፋስ ይከላከላል፤ ልጆችም ማንበብ ይማሩበታል። ባዶ ሳንቃ ማለት ወረቀት የመግዣ አቅም ያጣ ቤት ማለት ነው። የዛሬው አዳሽ በደስታ የሚገፍፈውን ወረቀት አንዲት የገበሬ ሚስት የጥጡ ገንዘብ ሲገባ ነቀፌታን ሽሽት በስንት ቁጠባ የለጠፈችው ሊሆን ይችላል።

(በነገራችን ላይ የእነዚያ ገበሬዎች ጥጥ ለኢትዮጵያ ሩቅ አልነበረም። በአሜሪካ ፋብሪካዎች የተሸመነው አቡጀዲ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻና በ20ኛው መጀመሪያ ወደ ኢትዮጵያ ከሚገቡ ሸቀጦች ዋነኛው ነበር። በ1903 ሮበርት ስኪነር የመጀመሪያውን የአሜሪካ ልዑክ እየመራ አዲስ አበባ የገባውና ከአፄ ምኒልክ ጋር የንግድ ውል የተፈራረመው በዚህ ንግድ ምክንያትም ጭምር ነው። የኢትዮጵያ ገበሬ የለበሰው ጨርቅ የአሜሪካ ጢሰኛ ከለቀመው ጥጥ የተሠራ ነበር ማለት ነው። ሁለቱ አልተዋወቁም።)

የገበሬን ቤት ለጌጥ መሥራት የቴሌቪዥን ፈጠራ አይደለም። ከሁሉ የታወቀው ምሳሌ ቬርሳይ ውስጥ ነው። የፈረንሳይዋ ንግሥት ማሪ አንቷኔት ከ1783 ጀምሮ ሪሻር ሚክ በተባለው አርክቴክቷ እጅ በቤተ መንግሥቱ ግቢ ውስጥ አንድ ትንሽ የገጠር መንደር አሠራች። ወፍጮ ቤት፣ የወተት ቤት፣ የሳር ክዳን ጎጆዎች ነበሩበት። አዲሶቹ ግድግዳዎች ያረጁ እንዲመስሉ ሠዓሊዎች ስንጥቅ ሣሉባቸው። ከውጭ ስንጥቅ፣ ከውስጥ እብነ በረድና ምርጥ የቤት ዕቃ። ንግሥቲቱ እረኛ መስላ ላም ታልብ ነበር የሚለው ወሬ የታሪክ ጸሐፊዎች የሚጠራጠሩት ነው፤ ስንጥቁ ግን እውነት ነው። በጥቅምት 1789 የፓሪስ ገበያ ሴቶች ዳቦ ፍለጋ ወደ ቬርሳይ ሲተምሙ መንደሩ ገና አዲስ ነበር። የዛሬዎቹ ፋብሪካዎች አዲስ እንጨት በሰንሰለት እየደበደቡ ያረጀ የሚያስመስሉበት ሥራ ከዚያ ስንጥቅ ሥዕል በምንም አይለይም።

አሜሪካ ውስጥ ግን ነገሩ መጀመሪያ በተቃራኒው መንገድ ነበር የሄደው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ የገጠር ቤቶች ንድፍ ሊቅ የነበረው አንድሩ ጃክሰን ዳውኒንግ በ1850 ባሳተመው መጽሐፍ ለገበሬው የራሱ የሆነ የቤት ንድፍ አቀረበለት። ዓላማው ገበሬው የተሻለ ቤት እንዲኖረው ነበር፤ ከተሜው ገበሬ እንዲመስል አልነበረም። ደግሞ ዳውኒንግ ነጭ ቀለም አይወድም ነበር፤ በአረንጓዴ መልክዓ ምድር መሐል ዓይን ይወጋል ባይ ነው። የዛሬውን ነጭ በነጭ "ፋርምሃውስ" ቢያይ ምን እንደሚል መገመት አያዳግትም።

መዞሪያው ነጥብ 1876 ሳይሆን አይቀርም። በዚያ ዓመት አሜሪካ መቶኛ ዓመቷን በፊላደልፊያ ታላቅ ኤግዚቢሽን አከበረች። የኤግዚቢሽኑ ጉልላት ኮርሊስ የተባለው ግዙፍ የእንፋሎት ሞተር ነበር። ከዚያው ግቢ ውስጥ ደግሞ የድሮ የኒው ኢንግላንድ ገበሬ ቤት ተሠርቶ፣ የጥንት ቀሚስ የለበሱ ሴቶች የጥንት ምግብ ያቀርቡበት ነበር። ሞተሩን ያየ ሕዝብ ዞር ብሎ ወደ ገበሬው ጓዳ ይገባል። የገበሬው ቤት መኖሪያ መሆኑ ቀርቶ ትዝታ መሆን የጀመረው እንዲህ ከሞተሩ ጎን ነው።

በዚያው 1876፣ ሚሺጋን ግዛት ውስጥ፣ አንዲት የገበሬ ሚስት ሞተች። የ12 ዓመት ልጇ ሄንሪ ፎርድ ይባላል።

የፎርድ ነገር ከሁሉም በላይ ሊጤን የሚገባው ነው። ፎርድ የእርሻ ሥራ አይወድም ነበር። ከልጅነቱ ጀምሮ በእርሻ ላይ የሚፈሰው ጉልበት ከሚገኘው ውጤት ጋር አይመጣጠንም ብሎ እንደሚያምን በኋላ ራሱ ጽፏል። ወደ ከተማ ሄደ፣ ሞዴል ቲ የተባለውን መኪና ሠራ፣ ከ1917 ጀምሮም ፎርድሰን የተባለውን ትራክተር በብዛት አመረተ። መኪናው የገበሬውን ልጅ ወደ ከተማ ወሰደ፤ ትራክተሩ ደግሞ የቀረውን ሠራተኛ አላስፈላጊ አደረገው። በ1920 በተደረገው የሕዝብ ቆጠራ ለመጀመሪያ ጊዜ ከአሜሪካውያን ከግማሽ በላይ የሚሆኑት የከተማ ነዋሪ ሆነው ተገኙ።

ይኸው ሰው በ1919 የተወለደበት ቤት ለመንገድ ሥራ ሊፈርስ መሆኑን ሲሰማ ቤቱን ከነመሠረቱ አስነሥቶ ወደ ጎን አዛወረውና እናቱ በነበረችበት ጊዜ የነበረውን መልክ እንዲይዝ ማደስ ጀመረ። መሬቱን አስቆፈረ፤ የእናቱን ሳህኖች ስብርባሪ አስለቀመና በዚያው ቅርጽ አዲስ ሳህን አሠራ። እናቱ የምትጠቀምበትን ዓይነት ምድጃ አገር ለአገር አስፈለገ። በ1929 ግሪንፊልድ ቪሌጅ የተባለውን የድሮ ቤቶች መንደር ሲከፍት ሐሳቡ ይኸው ነበር፤ የትውልድ ቤቱም በ1944 ወደዚያው ተወሰደ። ዓለምን በትራክተር የቀየረ ሰው እርሻው ቦታ ላይ የሳህን ስባሪ ሲያስቆፍር ይታያችሁ። ይህን ግብዝነት ማለት ቀላል ነው፤ ግን ልክ አይመስልም። ሰው ራሱ ያፈረሰውን ነገር ይናፍቃል፤ ፎርድ ልዩ የሚያደርገው ናፍቆቱን ለማስገንባት ገንዘብ ስለነበረው ብቻ ነው።

በኋላ የመጡት ማዕበሎች ከዚህ ብዙ አይለዩም። በ1970ዎቹ መጨረሻና በ1980ዎቹ "ካንትሪ" የሚባለው ማስጌጥ ፋሽን ነበር፤ ዳክዬ የተሣለበት መጋረጃ፣ የገለባ ቅርጫት። ካንትሪ ሊቪንግ የተባለው መጽሔት የተመሠረተው በ1978 ነው። እነዚያው ዓመታት ግን ወለድ ሰማይ የነካበት፣ የመሬት ዋጋ የወደቀበት፣ በመካከለኛው ምዕራብ ገበሬዎች በዕዳ እየተያዙ እርሻቸው በሐራጅ የሚሸጥበት ዘመን ነበር። በመስከረም 1985 ሙዚቀኞች ለገበሬዎች ገንዘብ ለማሰባሰብ ፋርም ኤይድ የተባለውን ኮንሰርት በኢሊኖይ ሲያዘጋጁ ነገሩ የአገር ጉዳይ ሆኖ ነበር። አንዱ ቤቱን በሐራጅ ሲያጣ፣ ሌላው የዚያን ቤት ቅርጫት ለሳሎኑ ይገዛ ነበር። ቁጥሩ ራሱ ይናገራል፦ በ1935 በአሜሪካ 6.8 ሚሊዮን እርሻዎች ነበሩ፤ በ2022 የቀሩት 1.9 ሚሊዮን ናቸው።

በገበሬው ቤት ናፍቆት ውስጥ ፈጽሞ የማይነሣ ነገር ቢኖር የሴቶች ሥራ ነው። የዛሬውን ጥልቅ ሲንክ እንውሰድ። አንዳንዱ ከሺህ ዶላር በላይ ያወጣል። ጥልቀቱ ግን ለውበት አልነበረም። ቤት ውስጥ ቧንቧ በሌለበት ዘመን ውኃ ከጉድጓድ እየተቀዳ ይመጣል፤ ስለዚህ አንዴ የመጣውን ውኃ ብዙ አድርጎ የሚይዝ ገንዳ ያስፈልጋል። ፊቱ ወደ ውጭ የወጣውም ቀኑን ሙሉ ጎንበስ ብላ የምታጥበው ሴት ትንሽ ቀረብ ብላ እንድትቆም ነው። ወገቧን ለማትረፍ።

ከዌኮ በስተደቡብ ምዕራብ ያለው የቴክሳስ ኮረብታማ አገር ሂል ካንትሪ ይባላል። የፕሬዚዳንት ሊንደን ጆንሰንን የሕይወት ታሪክ የጻፈው ሮበርት ካሮ የዚያን አገር ሴቶች ኑሮ በዝርዝር መዝግቦታል። አምስት ነፍስ ያለው ቤተሰብ በቀን 200 ጋሎን፣ ወደ 760 ሊትር ውኃ ይፈልግ ነበር። በዓመት ከ270,000 ሊትር በላይ ማለት ነው። አብዛኛውን ከጉድጓድ እየጎተቱ በባልዲ የሚያመላልሱት ሴቶች ነበሩ፤ ብዙዎቹ ዕድሜያቸው ሳይገፋ ጎበጡ። ለካውያ የሚያገለግለው ሦስት ኪሎ ገደማ የሚመዝን ብረት ነበር፤ በቴክሳስ ሐሩር መሐል እሳቱ ሲነድ በሚውል የእንጨት ምድጃ ላይ ይሞቃል፤ ሲቀዘቅዝ ይመለሳል።

በ1930ዎቹ አጋማሽ ከአሜሪካ የገበሬ ቤቶች መብራት የነበረው ከዐሥር አንዱ ያህል ብቻ ነው። የግል የኤሌክትሪክ ኩባንያዎች ወደ ገጠር ሽቦ መዘርጋት አያዋጣንም ይሉ ነበር። ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት በ1935 የገጠር ኤሌክትሪክ አስተዳደርን አቋቋሙ፤ ገበሬዎች በኅብረት ሥራ ማኅበር እየተደራጁ መንግሥት ያበድራቸው ጀመር። ያን ጊዜ ወጣት የምክር ቤት አባል የነበረው ጆንሰን ለሂል ካንትሪ ተሟግቶ መብራቱ በ1939 ገባ። ካሮ እንደሚተርከው ከሩቅ ወደ ቤታቸው ሲመለሱ መስኮቱ ሲያበራ ያዩ እናት ቤቱ የተቃጠለ መስሏቸው ነበር። የላምባው መብራትና የብረት ካውያው በደስታ ተጣሉ። ዛሬ ያ ካውያ በአሮጌ ዕቃ መሸጫዎች ይገኛል፤ ገዢዎቹ በር እንዳይዘጋ ማስደገፊያ ያደርጉታል።

የጢሰኞቹስ ጉዳይ? የአላባማዎቹ ሦስት ቤተሰቦች ነጮች ነበሩ፤ በደቡቡ ጥጥ ግን ከፍተኛውን ሸክም የተሸከመው ጥቁሩ ገበሬ ነው። ከባርነት በኋላ ባዶ እጁን ወጥቶ፣ በጢሰኝነት እየኖረም፣ ሳንቲም ለሳንቲም እያጠራቀመ መሬት ገዛ። በ1920 ከ925,000 በላይ ጥቁር ገበሬዎች ነበሩ፤ ከሰባት የአሜሪካ ገበሬዎች አንዱ ማለት ነው። ዛሬ ከ50,000 በታች ናቸው።

መሬቱ የወጣበት መንገድ ብዙ ነው። በ1933 መንግሥት የጥጥ ዋጋ እንዲያንሰራራ መሬቱን ጦም ለሚያሳድር ባለርስት ገንዘብ መክፈል ሲጀምር፣ ብዙ ባለርስቶች ገንዘቡን ኪሳቸው ከትተው ጢሰኛውን አባረሩ። በ1940ዎቹ ጥጥ የሚለቅም ማሽን መጣ። የራሱ መሬት የነበረው ደግሞ ጠበቃ አጠገቡ ስላልነበረ፣ ቢኖርም ፍርድ ቤቱን ስላላመነ፣ ሳይናዘዝ ይሞታል፤ መሬቱ ለልጆችና ለልጅ ልጆች በጋራ ይተላለፋል። በሕጉ መሠረት ከወራሾቹ አንዱ፣ ቺካጎ የሚኖር መሬቱን አይቶት የማያውቅ የልጅ ልጅም ቢሆን፣ ድርሻውን ለነጋዴ ከሸጠ ነጋዴው ጠቅላላ መሬቱ በፍርድ ቤት ትእዛዝ እንዲሸጥ መጠየቅ ይችላል። በሐራጁ ላይ ገንዘብ ይዞ የሚቀርበው ያው ነጋዴ ነው።

ሦስተኛው መንገድ ብድር ነው። የግብርና ሚኒስቴሩን ብድር የሚፈቅዱት በየካውንቲው የተመረጡ የአካባቢው ገበሬዎች ኮሚቴዎች ነበሩ፤ በደቡብ ኮሚቴ ማለት ነጭ ማለት ነው። ጥቁሩ ገበሬ በየካቲት የጠየቀው የዘር ብድር የመዝሪያው ጊዜ ካለፈ በኋላ ይፈቀድለታል። ቲሞቲ ፒግፎርድ የተባለ የሰሜን ካሮላይና ገበሬ በ1997 ከሌሎች ጋር ሚኒስቴሩን ከሰሰ፤ በ1999 በስምምነት አለቀ፤ ከአንድ ቢሊዮን ዶላር በላይ ተከፈለ። በ2010 ሌላ 1.25 ቢሊዮን ተጨመረ። በ2021 ምክር ቤቱ ነጭ ላልሆኑ ገበሬዎች ዕዳ እንዲሰረዝ ወሰነ፤ ነጭ ገበሬዎች ከሰሱና ፍርድ ቤቶች አገዱት፤ በተከታዩ ዓመት ሕጉ ራሱ ተሻረ።

የዌኮን ጎብኚዎች ስበው የሚያመጡት ሁለቱ የዛጉ ሲሎዎች ከዚህ ታሪክ ጋር ይዛመዳሉ። እነ ጌንስ በ2015 በሲሎዎቹ ሥር ሱቃቸውን ከፈቱ፤ በሳምንት በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሰው ይመጣ ጀመር። ዝገቱ ሳይቀባ የቀረው ሆን ተብሎ ነው። ቦታው በፊት የጥጥ ፍሬ ዘይት መጭመቂያ ነበር፤ ዌኮም የጥጥ ከተማ ነበረች። ባልና ሚስቱን በዚህ መውቀስ አይገባም፤ ሊፈርስ የነበረን ነገር አትርፈዋል፣ ለከተማዋም ሥራ አምጥተዋል። ግን ከሱቁ የሚወጣው ጎብኚ በእጁ የያዘው ከረጢት ውስጥ ሻማና የእንጨት ሰሌዳ አለ፤ ጥጡን ማን እንደለቀመው የሚነግረው ነገር የለም።

በሐምሌ 2024 የአሜሪካ መንግሥት በብድር አሰጣጥ አድልዎ ለደረሰባቸው 43,000 ያህል ሰዎች ወደ ሁለት ቢሊዮን ዶላር መክፈሉን አስታወቀ። ለአንድ ሰው የተፈቀደው ጣሪያ 500,000 ዶላር ነበር። በዚህ ጊዜ አድልዎው የደረሰበት ሰው ቀለም ሳይጠየቅ፣ ማንም በማስረጃ ማመልከት ይችል ነበር። ክፍያው በገንዘብ ነው፤ በሐራጅ የተሸጠ መሬት በዚህ ፕሮግራም አልተመለሰም።